የ1967ቱ ቮልስ የፊት እግር ሲንኳኳ፦ ከሾክ አብዞርበር በፊት መታየት ያለበት

ጥያቄው፦ «የአባቴ ቮልስ 1300፣ 1967 ሞዴል፣ ኮብልስቶን ላይ ሲሄድ ከፊት በኩል ኳ ኳ ይላል። 60 ሲደርስ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ 80 ካለፈ ይቀንሳል። ሁለቱም የፊት ጎማዎች በውስጥ ጎናቸው ተበልተዋል። ጋራዥ ስወስደው አራቱንም ሾክ አብዞርበር ቀይር፣ የመሪውን ሳጥንም እናጥብቀው አሉኝ። ባልጆይንቱ ነው የሚልም አለ። ከየት ልጀምር? ምን ምን ልግዛ?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ሾኩን አሁን አትግዛ፤ የመሪውን ሳጥንም ማንም እንዳይነካው። የደከመ ሾክ መኪናውን ያዋልለዋል፤ ጉድጓድ ካለፈ በኋላም ሁለት ሦስት ጊዜ ያነጥረዋል። ሁለቱን የፊት ጎማዎች በውስጥ ጎናቸው የሚያስበላው ግን ሌላ ነው። ማንኳኳት፣ 60 ላይ መንቀጥቀጥና የውስጥ መበላት አንድ ላይ ከመጡ ጎማው ቦታውን የሚይዝለት ነገር አጥቷል ማለት ነው። ያ ደግሞ ባልጆይንቱ (በአርሙ ጫፍ ያለው ክብ መገጣጠሚያ)፣ አርሙ፣ ማለትም ጎማውን ከአክሰሉ ጋር የሚያያይዘው ክንድ፣ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ወይም ታይሮዱ (የመሪውን እንቅስቃሴ ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ) ነው። የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ ዕቃ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው የአርሙ ኩሽኔታ አልቆ ሳለ አራት አዲስ ባልጆይንት መግጠም ነው፤ ማንኳኳቱ ይቀጥላል፣ አዲሱም ባልጆይንት ያለ ዕድሜው ይሄዳል።

ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጻፍልህ። ቮልስዋገን እስከ 1965 ሞዴል ድረስ የፊቱን እግር ኪንግፒንና ሊንክፒን በሚባሉ የብረት ፒኖች ነበር የሚሠራው። ከ1966 ሞዴል ጀምሮ፣ ማለትም ከነሐሴ 1965 ምርት አንስቶ፣ ወደ ባልጆይንት ዞረ። ያንተ 1967 ከሆነ ባልጆይንት ነው፤ ነገር ግን ዕድሜው ወደ 60 የሚጠጋ መኪና ስለሆነ የፊት አክሰሉ በመሃል ተቀይሮ ሊሆን ይችላልና ሊብሬውን ብቻ አትመን። የኋላ መቀመጫውን አንሣና መሃል ጉብታው ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር አንብብ። በ117 የሚጀምር ከሆነ 1967 ሞዴል ነው። ከዚያ ጎማውን አውጥተህ እግሩን ራሱን ተመልከት፤ ከላይኛውና ከታችኛው አርም ጫፍ ላይ የጎማ ካፖርት የለበሰ ክብ መገጣጠሚያ ካለ ባልጆይንት ነው። ይህ ዓይነቱ አክሰል ሜክሲኮ ፑዌብላ ላይ እስከ ሐምሌ 2003 ድረስ በተመረተው ቮልስ ላይ ስለቀጠለ ዕቃው ዛሬም አዲስ ይገኛል። እስትራት (ሾክና ሞላ አንድ ላይ የሆኑበት የፊት እግር) ያላቸው 1302 እና 1303 ግን ሌላ ናቸው፤ ከዚህ በታች የምለው ለእነሱ አይሠራም።

ክሪክ ከማንሣትህ በፊት የጎማህን አየር ለካ። ይህን የምለው ብዙ ቮልስ የሚጎዳው ከዚህ ስለሆነ ነው። ጎሚስታው እንደ ኮሮላ አራቱንም 30 ይሞላልሃል። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ ፊቱ ቀላል ነው። 5.60-15 ጎማ ከሆነ ከፊት 16፣ ከኋላ 24 ፒኤስአይ ነው የሚፈልገው፤ ራዲያል ከሆነ ከፊት 18፣ ከኋላ 27። 30 የተሞላ የፊት ጎማ ኮብልስቶን ላይ እንደ ድንጋይ ይዘላል። እያንዳንዱ ምት በቀጥታ ባልጆይንቱና ኩሽኔታው ላይ ያርፋል። አየሩን አስተካክለህ አንድ ቀን ንዳው፤ ከመንቀጥቀጡ የተወሰነው እዚያው ሊጠፋ ይችላል።

አሁን ወደ ምርመራው። የኋላ ጎማዎችን በድንጋይ አስደግፍ፣ የእጅ ፍሬኑን ያዝ፣ ፊቱን አንሥተህ የፊት አክሰሉ ከሆኑት ከሁለቱ አግድም ቱቦዎች ጫፍ አጠገብ በሁለት ካቫሌቶ (ማሳረፊያ እግር) አሳርፈው። በክሪክ ብቻ ቆሞ ሥሩ አትግባ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ነቅንቀው። ልል ከሆነ ሌላ ሰው ፍሬን እንዲረግጥ አድርግና ደግመህ ነቅንቅ። ፍሬን ሲረገጥ ልልነቱ ከጠፋ ችግሩ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ እንዳለ ከቀጠለ ባልጆይንቱ ወይም አርሙ ነው። ቀጥሎ ጎማውን በግራና ቀኝ ጎኑ ይዘህ ነቅንቅ፤ እዚህ የሚታየው የታይሮድ ነው። ጓደኛህ እየነቀነቀ አንተ ጣትህን በእያንዳንዱ የታይሮድ ጫፍ መገጣጠሚያ ላይ አሳርፍ። ያለቀው ከዓይን በፊት በጣት ይታወቃል፤ ትንሽዬ «ጠቅ» ትላለች።

ባልጆይንቱንና አርሙን መለየት ላይ ብዙ ባለሙያ ይሳሳታል። መኪናው ተነሥቶ እግሩ ሲንጠለጠል በቱቦው ውስጥ ያለው፣ እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራው የቶርሽን ብረት አርሙን ወደ ታች ተጭኖ ስለሚይዘው የኩሽኔታው ክፍተት ይደበቃል፤ በእጅ ብቻ ብትነቀንቀው ደህና ይመስልሃል። ስለዚህ ረጅም የብረት ዘንግ ከአርሙ ሥር አስገብተህ፣ አርሙ ወደ ቱቦው ከሚገባበት ቦታ አጠገብ ወደ ላይ ግፋው። አርሙ በቱቦው አፍ ውስጥ ከፍ ዝቅ ካለ የመርፌ ኩሽኔታው አልቋል። ከፍ ዝቅ ሳይል ወደ ጎን ከወጣና ከገባ ግን አርሙን የሚይዘው ራስ አልባ ብሎን ላልቷል፤ ይህ ቀላሉ ነው። ዘንጉን በአርሙና ናክል በምንለው ብረት፣ ማለትም ጎማው በሚሰካበት፣ መሃል አስገብተህ ስትፈለቅቀው ባልጆይንቱ ላይ ክፍተት ካየህ በካሊፐር ለካው። 2 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ይቀየር። የጎማ ካፖርቱ ተቀድዶ አፈር ከገባበትም ልኬት አያስፈልገውም፤ አፈርና ግሪስ ተደባልቀው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ስለሚፍቁት ቆይታው አጭር ነው።

መሪው ላይ ሦስት ነገር ጨምረህ እይ። የመጀመሪያው መሪውን ከሳጥኑ ጋር የሚያገናኘው የጎሚኒ ዲስክ ነው፤ ከተሰነጠቀ መሪው ሰነፍ ይሆናል። የክላክሶኑ ሽቦ በዚህ ዲስክ ላይ ተሻግሮ ስለሚያልፍ ዲስኩን ስትቀይር ሽቦውን ካልመለስከው ክላክሶንህ ይጠፋል። ሁለተኛው የመሪው ሾክ ነው። በአንድ ጫፉ ፈትተህ በእጅህ ሳበው፣ ግፋው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል መቋቋም አለበት። መሃል ላይ ባዶ ከሆነ አልቋል። ነገር ግን የመሪ ሾክ መንቀጥቀጥን ይደብቃል እንጂ አያድንም፤ እሱን ብቻ ቀይሮ «ዳነ» የሚል ባለሙያ በሽታውን ሸፍኖልሃል። ሦስተኛው ሳጥኑ ነው፤ የሚስተካከለው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። ልል ታይሮድን ለመደበቅ የተጠበቀ ሳጥን ከመዞሪያ በኋላ ወደ ቀጥታ መመለስ ያቅተዋል፤ ጥርሱም ይበላል።

ዕቃውን በተመለከተ፣ ባልጆይንት ሲቀየር አራቱም አብረው ቢቀየሩ ይሻላል፤ ሁለት የላይ፣ ሁለት የታች፤ አይለዋወጡም። አሮጌ ባልጆይንት ግን አትግዛ፤ ሶማሌ ተራ ከወደቀ መኪና የወጣ ሙሉ አክሰል ማግኘት ጥሩ ነገር ነው፣ አሮጌ ባልጆይንት መግዛት ግን አሮጌ ችግር መግዛት ነው። አዲሱን ስትገዛ ግንዱን (ከባልጆይንቱ የሚወጣውን ባለ ጥርስ ዘንግ) በእጅህ አዙረው፤ ከብዶ፣ ሳይዘል መዞር አለበት። ጠርዙ ላይ የተቆረጠውን ምልክትም ቁጠር። አንድ ቁርጥ ያለው መደበኛ ልክ ነው፤ ሁለት ቁርጥ ያለው ወፍራሙ ልክ ነው፣ ቀዳዳው ለሰፋ አርም የተሠራ። አርምህ ቀድሞ ተቀይሮለት የሚያውቅ ከሆነና አዲሱ ያለ ጉልበት ከገባ ወፍራሙን ፈልግ። በምንም ዓይነት በብየዳ ነጥብ አታስይዘው፤ ሙቀቱ የውስጡን ፕላስቲክ ያቀልጠዋል፣ አርሙንም ያበላሻል።

ከዚህ በተጨማሪ ለአራቱ አርሞች አራት ጎሚኒ ማኅተም፣ የስታብላይዘሩን (የግራና የቀኝ የታች አርሞችን የሚያያይዘውን ዘንግ) ጎሚኒና መያዣ ሙሉ ስብስብ፣ አራት የታይሮድ ጫፍ (ሁለቱ ግራ ጥርስ፣ ሁለቱ ቀኝ ጥርስ ናቸውና ስትገዛ እይ)፣ አዳዲስ ኮፒሊያዎች (ዳዶ እንዳይፈታ የሚሰኩ የሽቦ ፒኖች) እና አንድ ኪሎ ቁጥር 2 የሊቲየም ግሪስ ያስፈልግሃል። ሾኩን ፈትተህ ፈትነው፤ ዘይት ካላንጠባጠበና ስትስበውም ስትገፋውም እኩል ከከበደ መልሰህ ግጠመው።

ሥራው ከመጀመሩ አንድ ቀን ቀድመህ ዳዶዎቹን ሁሉ በሽቦ ብሩሽ ጠርገህ ዝገት ማላቀቂያ አጠጣቸው። በግራ ጎማ በኩል ሁለት ነገር አስታውስ። የፍጥነት መለኪያው ገመድ በናክሉ መሃል አልፎ የኩሽኔታው ክዳን ላይ ነው የሚያልቅ፤ ማያዣውን ሳታወጣ ክዳኑን ብትመታ ገመዱን ትበጥሳለህ። የግራው ኩሽኔታ ዳዶ ደግሞ ግራ ጥርስ ነው፤ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። ይህን ሳያውቁ በቧንቧ አስረዝመው እየጎተቱ ጥርሱን የጨረሱ ብዙ ናቸው።

ታምቡሩ ከወጣ በኋላ የፍሬኑን ሰሌዳ ፈትተህ በሽቦ ወደ ላይ እሰረው፤ በፍሬኑ ዘይት ቱቦ እንዳይንጠለጠል። የስታብላይዘሩን መያዣዎች ስትከፍት አብዛኞቹ ይሰበራሉ፤ አዲስ ግዛ ያልኩህ ለዚህ ነው። ታይሮዱን ለማላቀቅ ዳዶውን እስከ ጫፉ መልሰው፣ ከዚያ የናክሉን ጆሮ በሁለት መዶሻ ከሁለት ጎን በአንድ ጊዜ ምታው፤ ኮኑ ራሱ ይለቃል። ጥርሱን አትምታ። የላይኛው ባልጆይንት ግንድ ዙሪያ አንድ ቁርጥ ያለበት ኤክሰንትሪክ (ቀዳዳው ከመሃል የወጣ) ቀለበት አለ። ከመፍታትህ በፊት ቁርጡ ወዴት እንደሚያይ በቀለም ምልክት አድርግ፤ የጎማው ዘንበል ማለት የሚስተካከለው በእሱ ነው። መነሻ ቦታው ቁርጡ ወደ መኪናው ፊት ሲያይ ነው።

ግንዶቹ ከመላቀቃቸው በፊት የታችኛውን አርም በክሪክ ደግፍ። የቶርሽን ብረቱ ጉልበት አለው፤ ሳይደገፍ የተለቀቀ አርም እጅ ይሰብራል። ናክሉ ከወጣ በኋላ ክሪኩን ቀስ ብለህ አውርድ። የአርሙን መቆለፊያ ዳዶ ፈትተህ፣ ራስ አልባውን ብሎን ሙሉ በሙሉ አውጥተህ አርሙን ወደ ጎን ሳብ። ሾጣጣ ጫፉ በቶርሽን ብረቱ ጉድጓድ ውስጥ ስለሚቀመጥ በግማሽ ፈትተህ ብትመታው አይወጣም።

የሥራው ወሳኝ ቦታ እዚህ ላይ ነው። አርሙን በናፍጣ አጥበህ አድርቀው፤ ኩሽኔታው የሚሽከረከርበትን የአርሙን አንገት በብርሃን እይ። አንገቱ መስታወት መሰል መሆን አለበት። የመርፌ ኩሽኔታው ግሪስ ካጣ መርፌዎቹ በተቀመጡበት ልክ አንገቱ ላይ ጎን ለጎን የተሰለፉ ቀጫጭን ቦዮች ይቆፍራሉ። ጥፍርህን በላዩ ጎትት፤ ጥፍርህ ከያዘ ያ አርም አብቅቶለታል። በእንደዚህ ያለ አንገት ላይ አዲስ ኩሽኔታ ብትገጥም ቦዮቹ መርፌዎቹን ይበሏቸዋል። አንገቱን ቶርኖ ቤት አስፍቆ አሳንሶ መጠቀምም አይሆንም፤ ጥንካሬው በላዩ ቆዳ ላይ ስለሆነ ያ ሲላጥ ለስላሳው ብረት ነው የሚቀር።

አንገቱ ንጹሕ ከሆነና ኩሽኔታው ብቻ ካለቀ ከቱቦው አፍ ያለውን የመርፌ ኩሽኔታ በውስጥ ማውጫ መሣሪያ ሳበው። ከእሱ ወደ ውስጥ ዘልቆ ደግሞ ቡሽ አለ፤ እሱም ልል ከሆነ ይቀየራል። ጥልቀቱን ከማውጣትህ በፊት ለክተህ ጻፈው፤ አዲሱ እዚያው ልክ መግባት አለበት። በመዶሻ በቀጥታ አትምታው፤ ደረጃ ያለው ማስገቢያ ቶርኖ ቤት አሠራ። በመርፌ ኩሽኔታው ፋንታ ዩሬታን ቡሽ የሚሸጡ አሉ። እኔ አልመክረውም፤ ሲደርቅ ይጮኻል፣ አርሙን አንቆ መኪናውን ያደርቀዋል። ቱቦው ራሱ ከውስጥ ከሰፋ ወይም ከታች ከበሰበሰ ግን አክሰሉን ሙሉ በሙሉ መቀየር ይሻላል። ከሻንሲው ጋር በአራት ብሎን ነው የታሰረው፤ የመሪውን መገናኛና ከቦዲው ጋር የሚያስሩትን ብሎኖች ለማግኘት የነዳጅ ጋኑ መውጣት ስላለበት ቤንዚኑን አስቀድመህ ጨርስ።

ባልጆይንቱን ለማስገባት ፕሬስ ያለበት ቤት ሂድ፤ በሞርሳና በመዶሻ የሚገባ ነገር አይደለም። ግፊቱ በጠርዙ እንጂ በመሃሉ እንዳያርፍ ቀለበት ይደረግለት። የባልጆይንቱ ቁርጥ በአርሙ ላይ ካለው ቁርጥ ጋር ትይዩ ይሁን፤ ግንዱ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ የተወሰነ ስለሆነ ተሳስቶ ከገባ ሙሉ ጥምዝ ላይ ግንዱ ከጠርዙ ይጋጫል።

ስትመልስ የቶርሽን ብረቶቹን ካላወጣሃቸው አትንካቸው፤ ካወጣሃቸው የነበሩበትን ቅደም ተከተልና ፊት ጠብቅ፣ በግሪስ ለውሰህ በሽቦ አስረህ አስገባ። መኪናው በአንድ ጎን ዝቅ ይል ከነበረ ከብረቶቹ አንዱ ተሰብሮ ይሆናልና አንድ በአንድ ቁጠራቸው፤ በእያንዳንዱ ቱቦ 10 ናቸው። የአርሙ ራስ አልባ ብሎንና መቆለፊያ ዳዶው እያንዳንዳቸው ከ40 እስከ 50 ኒውተን ሜትር፣ የሾኩ የታች ዳዶ ከ30 እስከ 35 ይጠብቃሉ። የሾኩ ጎሚኒ ያለበትን የታች ዳዶ መጨረሻ የምታጠብቀው መኪናው በጎማው ቆሞ ሳለ ነው፤ እግሩ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ጎሚኒው ሁልጊዜ ተጠምዝዞ ኖሮ ይቀደዳል። የጎማ ብሎኖቹ፣ አምስት ብሎን ያለው ቸርኬ ከሆነ፣ ወደ 100 ኒውተን ሜትር ነው።

የጎማውን ኩሽኔታ ስታስተካክል ታምቡሩን እያዞርክ ዳዶውን አጥብቅ፤ ከዚያ ከሥሩ ያለው ሮንዴላ በካቻቪቴ ጫፍ ሲገፋ በጥቂት ኃይል እስኪንሸራተት ድረስ መልሰው። ክፍተቱ ከ0.03 እስከ 0.12 ሚሊ ሜትር ነው። ሮንዴላው ጨርሶ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ኩሽኔታው ይሞቃል።

ግሪሱን በመጨረሻ፣ ጎማዎቹ ከመሬት ተነሥተው ሳሉ ስጠው። በአክሰሉ ላይ አራት ኒፕል (የግሪስ መስጫ ጡት) አለ። ጭቃውን ጠርገህ፣ ጥቁሩ አሮጌ ግሪስ ወጥቶ ንጹሑ ከአርሙ ማኅተም ጠርዝ ብቅ እስኪል ድረስ ግፋ። አንዱ ኒፕል አልቀበል ካለ ተወው አትበል፤ ፈትተህ እጠበው ወይም ቀይረው። የሚሞተው ኩሽኔታ ሁልጊዜ ያ ኒፕል ያለበት ነው። በአቧራማ መንገድ ለሚሄድ መኪና በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ቢደገም ጥሩ ነው። ባልጆይንቶቹ ራሳቸው ኒፕል የላቸውም።

አላይመንት የሚሠራው መኪናው ጥቂት ከተነዳና እግሩ ቦታውን ከያዘ በኋላ ነው። መጀመሪያ ካምበር (ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ)፣ ቀጥሎ ቶ (የሁለቱ ጎማዎች ፊት መጥበቡ ወይም መከፈቱ)፤ ካምበር ሲነካ ቶ ስለሚለወጥ በተቃራኒው ከተሠራ ድካሙ ከንቱ ነው። ካምበሩ ወደ ውጭ ግማሽ ዲግሪ፣ በ20 ደቂቃ ልዩነት ውስጥ ይሁን። ቶው ደግሞ በቸርኬው ጠርዝ ሲለካ ፊቱ ከኋላው ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የጠበበ ይሁን። ያንተ ጎማዎች በውስጥ የተበሉት ፊታቸው ተከፍቶ ስለሚሄዱ ሊሆን ይችላል፤ ባልጆይንትና ታይሮድ ሲልሉ መንገዱ ጎማዎቹን ይከፍታቸዋል። የአላይመንት ማሽኑ የቮልስን መለኪያ ካላወቀ እነዚህን ቁጥሮች ለባለሙያው ጽፈህ ስጠው።

የፊቱ ካለቀ በኋላም ቂጡ እንደሚወላውል ከተሰማህ የኋላው የቶርሽን ሳህን (የኋላ ጎማውን ከቶርሽን ብረቱ ጋር የሚያያይዘው ጠፍጣፋ ብረት) ጎሚኒ ነው። እሱን ግን ያለ ልምድ አትክፈት፤ ሳህኑ የታጠፈ ጉልበት ይዟል፣ ሲለቀቅ እግር ይሰብራል። የሚሠራልህ ሰው ሳይፈታ የሳህኑንና የአክሰሉን ቦታ በመሮ ምልክት ማድረጉን አረጋግጥ። የቶርሽን ብረቱ በውስጥ ጫፉ 40፣ በውጭ ጫፉ 44 ጥርስ ስላለው አንድ ጥርስ ብቻ ከተሳተ መኪናው በአንድ ጎን ከፍ ብሎ ይቀራል። ጎሚኒው በግሪስ ሳይሆን በዱቄት ታልክ ነው የሚገባው።

ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና አንሣው። የአርሞቹን መቆለፊያ ዳዶ፣ የባልጆይንቶቹን ዳዶ፣ የታይሮዶቹን ኮፒሊያ አንድ በአንድ በእጅህ ነክተህ እይ፤ የመሪው ሳጥን መነካት ካለበት የሚነካው ያን ቀን ነው።